ያላነበቡት መጽሐፍ ጠበቆች

ዳርክ ሆርስ የተባለው የአሜሪካ ኮሚክ አሳታሚ በ2012 የኮናንን ታሪክ በአዲስ ደራሲና በአዲስ ሠዓሊ ማውጣት ሲጀምር ከአድናቂዎቹ መንደር ጩኸት ተነሣ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ደራሲው ብራያን ውድ፣ ሠዓሊዋ ቤኪ ክሉናን ነበሩ። ኮናን ቀጠነ፤ ልጅ መሰለ፤ ሆዱ ባባ፤ ይህ የእኛ ኮናን አይደለም ተባለ። ዋናው ክስ አንድ ነበር፦ ለመጽሐፉ ታማኝ አይደላችሁም።

ክርክሩ እኛ ዘንድም ደርሷል። በየኅብረታችን ኮሚክ በስልካቸው የሚያነቡ ወጣቶች አሉ፤ ከፕሮግራም በኋላ በር ላይ ቆመው ትክክለኛው ኮናን የቱ እንደሆነ ሲከራከሩ ማንም ሊሰማቸው ይችላል። የሚሰጣቸው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። ታላላቆች «ታማኝነት ለእግዚአብሔር ቃል ነው፤ ለተረት ምን ታማኝነት አለ?» ይሏቸዋል። እኩዮቻቸው ደግሞ «ልብ ወለድ አይደል እንዴ፤ ሁሉም እንደ ፈለገው ይሥራው» ይላሉ። ሲሰሙት ተቃራኒ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱም መጽሐፉን ገልጦ ከማየት ያሳርፋሉ። እኔ ክርክሩ ተገቢ ነው ባይ ነኝ። የማልስማማው ከተከራካሪዎቹ ጋር ነው፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ጥብቅና የቆሙለትን መጽሐፍ አላነበቡትም።

ኮናንን ለማታውቁት ባጭሩ ልናገር። ፈጣሪው ሮበርት ሃዋርድ የቴክሳስ ሰው ነው፤ በ1906 ተወልዶ በ1936 በ30 ዓመቱ ሞተ። የኮናንን ታሪኮች ያወጣው ዊርድ ቴልስ በተባለ ርካሽ የአጫጭር ልብ ወለድ መጽሔት ሲሆን የመጀመሪያው የታተመው በታኅሣሥ 1932 ነው። ዘመኑ ከታወቀው ታሪክ በፊት የነበረ ምናባዊ ዘመን፣ ጀግናው ኪሜሪያ ከምትባል ቀዝቃዛ ተራራማ አገር የወጣ ጦረኛ ነው። ሃዋርድ ታሪኩን በቅደም ተከተል አልጻፈውም። በመጀመሪያው ታሪክ ኮናን የጎለመሰ ንጉሥ ነው፤ በሦስተኛው ገና ጺም ያላበቀለ ሌባ ነው። አንድ ጀብደኛ ሽማግሌ ትዝ እንዳለው እያነሣ ሲያወጋ እንደምትሰሙ ቁጠሩት።

እንግዲህ «የእኛ ኮናን» የሚሉት ከየት መጣ? የጠጉር ግልድም የታጠቀ፣ ደረቱን የገለጠ፣ ከሁለት ቃል በላይ የማይናገር ጅብራ ነው። ይህ ምስል በአብዛኛው የሽፋን ሥዕልና የፊልም ልጅ ነው። ከ1966 ጀምሮ ታሪኮቹ በኪስ መጽሐፍ መልክ ሲወጡ ፍራንክ ፍራዜታ የሣላቸው ሽፋኖች በአንባቢ ዓይን ውስጥ ተተከሉ። በ1982 ደግሞ በአርኖልድ ሽዋርዜኔገር የተሠራው ፊልም ወጣ። በፊልሙ ሕፃኑ ኮናን ወላጆቹ ተገድለውበት፣ በባርነት ተሸጦ፣ ትልቅ መንኰራኵር እየገፋ ያድጋል። በሃዋርድ ጽሑፍ ይህ የለም። የሃዋርድ ኮናን በጦር ሜዳ የተወለደ የአንጥረኛ ልጅ ነው፤ ነፃ ሆኖ አደገ፤ ከአገሩም የወጣው በገዛ እግሩ ነው። ብዙ ቋንቋ ይናገራል። በግንቦት 1934 በታተመው «የጥቁሩ ጠረፍ ንግሥት» ውስጥ መርከብ ላይ ዘሎ ሲወጣ የለበሰው ጥሩር፣ ገምባሌና ቀንድ ያለው የብረት ቁር ነው፤ በላዩ ቀይ ካባ ደርቧል። ቃላቱን ከጎልያድ ታሪክ ታውቋቸዋላችሁ። በግልድም ብቻ የሚሄድበት ሌሊትም አለ፤ ምክንያት ግን አለው፦ የተቀደደ እጀ ጠባቡን ጥሎ ግንብ ሊዘርፍ ነው። የአንድ ሌሊት ልብስ የዘላለም ዩኒፎርም ሆኖ ቀረ!

በቁመናው ጉዳይ ግን የ2012 ጯሂዎች እውነት አላቸው፤ አልነፍጋቸውም። ሃዋርድ ረጅምና ኃይለኛ ሰው ብሎ ነው የጻፈው፤ ቀጭን ልጅ አላለም። ይሁን እንጂ ማርቭል በ1970 የኮናንን ኮሚክ ሲጀምር ባሪ ስሚዝ የሣለው ኮናንም ቀጠን ያለ ነበር፤ ጡንቻው የበዛው በኋላ ጆን ቡሴማ ሲረከበው ነው። የስሚዝን ዘመን ወርቃማ ብሎ የክሉናንን ቅጥነት ክህደት የሚል ሰው የሚመዝነው በመጽሐፉ ሳይሆን በልጅነት ትዝታው ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላ እጅ አለ። ሃዋርድ ከሞተ በኋላ ስፕራግ ደ ካምፕ የተባለ ደራሲ ታሪኮቹን ሰበሰበ፤ አረመ፤ ጀምረው የቀሩትን ጨረሰ። በ1955 በወጣው አንድ መጽሐፍ ደግሞ ሃዋርድ ስለ ሌሎች ጀግኖች የጻፋቸውን አራት ታሪኮች ወስዶ፣ ጀግናውን ኮናን አድርጎ፣ ዘመኑንና አገሩን ለውጦ አቀረባቸው። ለብዙ ዓመታት አንባቢው የሃዋርድንና የደ ካምፕን ዐረፍተ ነገር መለየት አይችልም ነበር። ከሃዋርድ የራሱ ጽሑፍ ጋር ተመሳክሮ የተዘጋጀው እትም በሰፊው ለገበያ የቀረበው በ2003 ነው። ለሰባ ዓመት ያህል ሰዎች ስለ «ዋናው» ሲጨቃጨቁ ዋናው እንደ ልብ አይገኝም ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ ተከራካሪ እጁን ያወጣል፦ ሃዋርድ ራሱስ? የመጀመሪያው የኮናን ታሪክ እኮ ስለ ንጉሥ ከል ጽፎት አሳታሚ ያልተቀበለውን ታሪክ እንደገና የጻፈው ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ሰው የራሱን ቤት ግድግዳ ቢያፈርስ አንድ ነገር ነው፤ ጎረቤት ገብቶ ቢያፈርስና የቤቱን ባለቤት ስም በሩ ላይ ትቶ ቢሄድ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው የሐሰት ምስክርነት ይባላል፤ ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱም ይከለክለዋል። ትእዛዙ ባልንጀራችን በሕይወት ካለ ብቻ ይጠበቅ አይልም። ሙት ተነሥቶ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ሊል አይችልምና ለእርሱ ይበልጥ መጠንቀቅ ነው።

የሬድ ሶንያ ነገር ከሁሉ ይብሳል። በጥር 1934 በታተመ የሃዋርድ ታሪክ ውስጥ ሶንያ የምትባል ተዋጊ ሴት አለች። የምትኖረው በኮናን ምናባዊ ዘመን አይደለም፤ በ1529 ኦቶማኖች ቪየናን በከበቡበት በእውነተኛው ታሪክ ውስጥ ነው። አለባበሷን ሃዋርድ ሳይሰስት ይዘረዝራል፦ የብረት ቁር፣ የቱርክ ጥሩር፣ ሰፊ ሱሪ፣ ረጅም ቡትስ፣ በመቀነቷ ሽጉጦችና ጩቤ፣ በወገቧ ጎራዴ፣ በላዩ ካባ። ሮይ ቶማስ ይህን ታሪክ በ1973 የኮናን ኮሚክ ቁጥር 23 አደረገው፤ ርእሱን እንኳ አልቀየረም። ሶንያም በዚያ የኮናን ዘመን ሰው ሆነች። በማግስቱ ዓመት ኤስቴባን ማሮቶ የተባለ ሠዓሊ እፍኝ የማይሞላ የብረት ቅርፊት ብቻ አልብሶ ሣላት፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ የምትታወቀው በዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሠዓሊ ልብስ ባለበሳት ቁጥር «ዋናዋን አበላሻችኋት» የሚል አይጠፋም። ዋናዋ ከእግር እስከ ራስዋ የለበሰች ናት!

ከእኛ ወገን የሚሰጠው ተግሣጽ አብዛኛውን ጊዜ ራቁትነቱ ላይ ብቻ ያተኩራል። ተግሣጹን አልቃወምም። ነገር ግን ወጣቱ «ደራሲው እንዲህ ብሎ ፈጠራት እኮ» ብሎ ሲመልስ ዝም እንላለን፤ አላነበብንምና። ያነበበ ሰው ክርክሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጨርሰው ነበር።

ታዲያ ታማኝ ኮሚክ ምን ይመስላል? «የዝሆኑ ግንብ» የተባለውን የ1933 ታሪክ እንውሰድ። ይህ ታሪክ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ወደ ኮሚክ ተመልሷል፦ በ1971 በቶማስና በስሚዝ፣ በ1977 በቶማስና በቡሴማ በጥቁርና ነጭ፣ በኋላም በዳርክ ሆርስ በከርት ቡሲክና በኬሪ ኖርድ። ወጣቱ ኮናን አንድ ጠንቋይ የሚኖርበትን ግንብ ሊዘርፍ ይገባል፤ የሚፈልገው ትልቅ ዕንቁ ነው። ጫፍ ላይ ሲደርስ የዝሆን ራስ ያለው ፍጡር ያገኛል። ከሌላ ዓለም የመጣ ነው። ጠንቋዩ ጥበቡን ከነጠቀው በኋላ ዓይኑን አጥፍቶ፣ አካሉን በሥቃይ ሰባብሮ፣ ለዘመናት አስሮታል። ኮናን መጀመሪያ ይደነግጣል። ከዚያ ድንጋጤው ይለወጣል፤ ሥቃዩ ይገባዋል፤ እርሱ ምንም ያላደረገ ሰው ሲሆን፣ የሰው ልጅ ሁሉ በደል በእርሱ ላይ እንደ ወደቀ ያፍራል። ፍጡሩ ልቤን አውጣና ደሜን በዕንቁው ላይ አፍስስ ይለዋል፤ ያደርገዋል፤ ጠንቋዩም በራሱ ዕንቁ ውስጥ ይጠፋል። ኮናን ባዶ እጁን ይወጣል። ግንቡ ከኋላው ይፈርሳል።

ሌባው ሊሰርቅ ገብቶ አዝኖ ወጣ። የታሪኩ ልብ ይህ ነው። እንግዲህ ሠዓሊው ኮናንን አንድ ክንድ ቢያሳጥረው፣ የግንቡን ቀለም ቢለውጥ፣ ከአትክልቱ ስፍራ አንበሶች ሁለቱን ቢቀንስ ምን ጎደለ? ያን ሐፍረት ከፊቱ ላይ ካጠፋው ግን ጡንቻው ልክ ቢሆንም፣ ጎራዴው ልክ ቢሆንም ታሪኩን ገድሎታል። የቲያትር ሰዎቻችን «ውርስ ትርጉም» የሚሉት ነገር ደንቡ ይኸው ይመስለኛል፤ የሚወረሰው ቅርፊቱ አይደለም። ኮሚክ ዝም ብሎ መጽሐፍ ሊሆን አይችልም፤ አንድ ገጽ ሐሳብ በአንድ ፊት መሣል አለበት። አድናቂዎች ግን የጎራዴውን ርዝመት በክንድ እየለኩ ፊቱን ሳያዩ ያልፋሉ። (በነገራችን ላይ በዚሁ ታሪክ ውስጥ ኮናን በከተማው የፈላስፎች ግቢ ለሰዓታት ቁጭ ብሎ የሃይማኖት መምህራንን ክርክር እንዳዳመጠና ሁሉም ጤና እንደሌላቸው እርግጠኛ ሆኖ እንደ ወጣ ተጽፏል። መምህር ለሆንን ሰዎች መልካም ቁንጥጫ ናት፤ ኮሚክ ሠሪዎች ባያስቀሩብን ደስ ይለኛል።)

እስካሁን ቀላል ነው። የታማኝነት ፈተና የሚከብደው ለውጡ እኛን ሲያስደስተን ነው። ሃዋርድ ሰሎሞን ኬን የሚባል ሌላ ጀግና አለው፤ ጥቁር የለበሰ ፒዩሪታን፣ በክፉዎች ላይ የእግዚአብሔር ቍጣ መሣሪያ ነኝ ብሎ በየአገሩ የሚዞር። ሃዋርድ ይህን ሰው ምን እንዳነሣሣው አያስረዳም፤ ኬን ራሱም በደንብ አያውቀውም። በ2009 የወጣው ፊልም ግን ታሪክ ሰጠው፦ ነፍሱ ለዲያብሎስ የተፈረደች ጨካኝ ሰው ነበረ፣ ንስሐ ገባ፣ መዳንን ፍለጋ ይንከራተታል። ለእኛ ጆሮ እንዴት ይጥማል! ስብከት ነው። የሃዋርድ ኬን ግን ይህ አይደለም። ሶንያ ስትራቆት «መጽሐፉን አዛብታችኋል» ብለን የጮኽን ሰዎች ኬን ንስሐ ሲገባ ዝም ካልን ስለ ታማኝነት አልተከራከርንም፤ ለወገናችን ነው የተሰለፍነው።

ኮናን ራሱስ? አምላኩ ክሮም ይባላል። በሃዋርድ ጽሑፍ ኮናን ወደ ክሮም መጸለይ ከንቱ ነው ይላል፤ ክሮም ሰው ሲወለድ የመታገልና የመግደል ብርታት ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ አይሰማም፤ ባታስታውሰው ይሻላል። በ1982ቱ ፊልም ግን ኮናን ከውጊያ በፊት ለክሮም ይጸልያል፤ ይህን ጸሎት ከኮናን ሁሉ የሚወዱት ብዙ ናቸው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ሰው ሲጸልይ ማየት ደስ ይለኛል። ቢሆንም የማይጸልየውን ኮናን መልሱልኝ እላለሁ። የማይሰማ አምላክ ያለው ሰው ምን ዓይነት ብቸኝነት ውስጥ እንዳለ ሃዋርድ በግልጽ ጽፎታል፤ ለዚያ ሰው የምመልሰው ነገር አለኝ። አለስልሳችሁ ካመጣችሁልኝ ግን የምመልሰው ላልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

ከዚህ የሚመርም አለ። በሃዋርድ ካርታ ላይ ኩሽ የሚባል ምድር አለ፤ ስሙን ከዘፍጥረት 10 ታውቁታላችሁ። ጥቁሮቹን ሕዝቦች ሲጽፍ ብዙ ጊዜ በጊዜው የነበረውን የነጮች ንቀት ይዞ ነው፤ በሕይወቱ ሳለ ያልታተመና በ1967 የወጣ «የጠፉ ሴቶች ሸለቆ» የተባለ ታሪክ በተለይ ለእኛ ማንበቡ ያማል። ኮሚክ ሠሪ እዚህ ምን ያድርግ? ታሪኩን መተው ይችላል፤ ማንም አላስገደደውም። ለውጦ «ከሃዋርድ ታሪክ ተነሥቼ የራሴን ሠራሁ» ማለትም ይችላል። ሳይናገር አጥቦ «ሃዋርድ እንዲህ ጻፈ» ማለት ግን አይችልም። ደራሲውን ከነበረው የተሻለ አድርጎ ማቅረብም ሐሰት ነው፤ በዚያ ላይ የተሰደበውን ሰው ስድቡ እንዳልነበረ ያስመስልበታል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፤ ወደዚህ ነበር ማምጣት የፈለግሁት። እኛም በየዓመቱ ውርስ ትርጉም እንሠራለን፤ ድራማ እንለዋለን። በገና ሦስት ሰብአ ሰገል ይመጣሉ፤ ማቴዎስ የቈጠረው ስጦታውን እንጂ ሰዎቹን አይደለም። ይህን ቀላል ነገር እንለፈው፤ የግልድም ጉዳይ ነው። የማላልፈው የጠፋውን ልጅ ድራማ ነው። በየኅብረቱ ታይቷል፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሉቃስ 15 የሌለች እናት አለች፤ በመስኮት ታለቅሳለች። ልጁ ከተማ ሲገባ ዘፈንና መብራት አለ፤ ጓደኞቹ ሲከዱት ሌላ ትዕይንት አለ፤ ከዚያ እሪያዎች። እሪያዎቹ ይረዝማሉ፤ ሰው ይስቃል። በመጨረሻ አባት ሮጦ ያቅፈዋል፤ መዘምራኑ ይነሣሉ፤ ጥሪ ይደረጋል። አለቀ።

ታላቁ ወንድም የት ሄደ?

ሉቃስ ምዕራፉን ሲጀምር ጌታ ለማን እንደ ተናገረ ጽፏል። ከኃጢአተኞች ጋር ይበላል ብለው ላንጐራጐሩ ፈሪሳውያንና ጻፎች ነው። ታላቁ ወንድም እነርሱ ናቸው። እርሱን ከመድረክ ማውረድ ኮናንን ከግንቡ ዕንቁውን ተሸክሞ፣ ሳያዝንና ሳያፍር እንደ ማውጣት ነው። ደግሞ ማን እንደ ቈረጠው አስተውሉ። የተመለሱት ታናናሾች አይደሉም። በቤት ያደግን፣ ሰንበት ትምህርት የተማርን፣ ዝማሬ ላይ የቆምን፣ ድራማውን የምንጽፈው እኛ ነን። ከታሪኩ ውስጥ የቈረጥነው የራሳችንን ቦታ ነው። ሮይ ቶማስ ለሃዋርድ የሰጠውን ክብር እኛ ለሉቃስ ነፍገናል ስል ማጋነን የሚመስላችሁ ካላችሁ የ1971ዱን ኮሚክና ያለፈውን ዓመት የድራማ ጽሑፋችሁን ጐን ለጐን አስቀምጡና ከየምንጫቸው ጋር አመሳክሩ።

ይህን ሐሳብ ለድራማ አገልጋዮች ስነግራቸው የሚሰጡኝ መልስ ጊዜ የለም የሚል ነው፤ ፕሮግራሙ ሃያ ደቂቃ ነው። እሪያዎቹ በሉቃስ ሁለት ቁጥር ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱ ቈርጡ። እናቲቱን አሳርፏት፤ ከመጀመሪያውም አልተጠራችም። በተረፈው ጊዜ ታላቁ ወንድም ከእርሻ ይምጣ፤ ዘፈኑን ይስማ፤ አልገባም ይበል፤ አባትም ለሁለተኛ ጊዜ ከቤት ይውጣና ይለምነው። ከዚያ በኋላ መግባቱን ወይም አለመግባቱን ሉቃስ አልጻፈም። በልምምድ ላይ አንዱ ተነሥቶ «እናስገባውና እልል ይባል» ሲላችሁ፣ ማለቱም አይቀርም፣ እምቢ በሉት።